ይይዛል

ሞተሩ ላሊበላ የገባው በጭነት መኪና ላይ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በስኳር ጆንያዎች መሀል ተጋድሞ ነው። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ የቅዳሜ ገበያ ሰው እህሉን ጥሎ መጥቶ ከበበው። ቀይና ጥቁር፣ አፍንጫው የሾለ፣ መቀመጫው ከኋላ ሽቅብ የወጣ፣ ነጂው ሆዱን በነዳጅ ማጠራቀሚያው ላይ አስተኝቶ የሚነዳው፣ ስፖርት ሞተር የሚሉት ዓይነት ነው። አገሩ የሚያውቀው አንድ ኩንታል እህል፣ ሁለት ሰውና አንድ በግ ጭኖ ዳገት የሚወጣውን አጥንታም ሞተር ነበር። "አንበጣ አይመስልም?" አለ አንድ ጤፍ ሻጭ፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ አንበጣው ሆኖ ቀረ።

ባለቤቱ ምሥጋናው ነው፤ አስጎብኚ፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር፣ ቁመናው ያማረ፣ ጫማው ሁልጊዜ ነጭ። አንበጣውን ከአዲስ አበባ የገዛው በስልክ፣ ፎቶውን አይቶ ነው። ፎቶ ደግሞ መቼም አይጨስም፣ ዘይትም አያንጠባጥብም። ከመኪናው ወርዶ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ፤ ከበው የነበሩትም ሳቁ። ምሥጋናው ግን አልደነገጠም። የተበላሸ ነገር ወደማን እንደሚገፋ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል።

የሚገፋው ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ወንድምአገኝ ነው። ሰው ወንዴ ይለዋል፤ ከገበያው በታች ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት እናቱ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ያወጡትም ለሱ ብለው አይደለም። ሲወለድ ፊቱን አየት አድርገው፣ "ይሁን፤ እሱስ ወንድም ያግኝ" አሉ ይባላል። ስምንት ዓመት ቆይቶ ወንድሙ ሲመጣ ደግሞ ምሥጋናው አሉት። እንግዲህ ፍረዱ፤ አንዱ ልመና፣ ሌላው ምስጋና። ልመናው ከተሰማ በኋላ ለማኙን ቃል ማን መለስ ብሎ ያስታውሰዋል? ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስም አላስታወሱትም።

አባታቸው ሲሞት ወንዴ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ወልድያ ሄደና አንድ ጋራዥ ውስጥ ገባ። ወንድሙን ያስተማረው፣ ያለበሰው፣ ለአስጎብኚነት ሥልጠና የላከው እሱ ነው። እናቱ ግን ሰው ሲጠይቃቸው "ልጄ አስጎብኚ ነው" ይላሉ፤ ስለ ትልቁ የተጠየቁ እንደሆነ "ያም እዚያ ብረት ይቀጠቅጣል" ብለው ወሬ ይለውጣሉ። በላስታ ቀጥቃጭ መባል ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለው እሱን ከደጃፍ የሚመልሱበት፣ ዓይኑን የሚፈሩበት፣ ልጅ የማይድሩለት ሰው ነው። ወንዴ ብረት አይቀጠቅጥም፤ ብሎን ይፈታል፣ ብሎን ያስራል። እናቱ ግን በማዕድ ላይ የጥፍሩን ጥቁረት ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ። ዶሮ ሲሠራ ፈረሰኛው የምሥጋናው ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ወንዴ ፍትፍቱንም ፊቱንም ሳያገኝ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላው።

ሰው ይህን ያህል ከኖረበት ይለምደዋል ትሉ ይሆናል። አይለምደውም። ወንዴ ሚስት ቢያጣ፣ ቤት ባይሠራ፣ ደረቱ በነዳጅ ጭስ ቢቃጠል ግድ አልነበረውም። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እናቱ አንድ ቀን በሰው ፊት "ልጄ" ብለው እንዲመርቁት። አንዲት ቃል ብቻ፤ ሌላውን ሁሉ ይቅር ብሎ ነበር።

"አያ፣ እስቲ ተመልከትልኝ" አለ ምሥጋናው ሞተሩን እየገፋ ሲገባ። "የጭስ መውጫውን ማርሚታ ቁረጥልኝ፤ ድምፁ ከቤተ ጊዮርጊስ እስከ አሸተን ይሰማ። መስተዋቶቹን አንሣቸው፤ የአህያ ጆሮ ይመስላሉ። ከሥር ሰማያዊ መብራት ትገጥምልኛለህ። መሪውን ደግሞ ትንሽ ዝቅ።"

"መጀመሪያ ይድናል አይድንም የሚለውን እንይ" አለ ወንዴ።

"ምኑ?"

"ሞተሩ ነዋ። አንተማ መዳኛም የለህ።"

ምሥጋናው ሳቀ። ሲስቅ ደስ ይላል፤ ክፋት የለበትም። ክፋት የሌለበት ሰው ስንቱን ረግጦ እንደሚያልፍ ግን ራሱም አያውቀውም። ቁልፉን ወርውሮለት እያፏጨ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ወንዴ ያንን ሞተር ወደደው። አሥራ አንድ ዓመት በእጁ የገባው ሁሉ የገበሬ ጭነት የሰበረው፣ በሽቦ የታሰረ፣ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ዕቃ ነበር። ይኸኛው ግን ሠሪዎቹ ተጨንቀው የሠሩት ነው፤ የማይታየው ብሎን እንኳ ተወልውሎ የገባ። አራት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልተቀበለም። ዘይቱን ሲያፈሰው እንደ ሬንጅ እየተጎተተ ወረደ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጡ ዝጎ ስለነበር ጠጠርና ላምባ ከትቶ፣ አቅፎ፣ እንደ ቅል ናጠው። ካርቡራተሩን ፈታትቶ በፀጉር በቀጠነ ሽቦ ቀዳዳዎቹን ጠረገ፤ ከአንደኛው ውስጥ የደረቀ ትንኝ አወጣ፤ የአዲስ አበባ ትንኝ መሆኑ ነው። ሰንሰለቱን አንድ ሌሊት ላምባ ውስጥ ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው። መላጣ የሆነውን የኋላ ጎማ በሌላ ለመተካት ወልድያ ደውሎ በአውቶቡስ አስመጣ። ማርሚታውንም፣ ልቡ ባይፈቅድም፣ ቆረጠ። መስተዋቶቹን ግን አልነካም፤ "ከኋላው የሚመጣውን የማያይ ሰው አይሰነብትም" አለ። ምሥጋናው ራሱ መፍቻ አንሥቶ ፈታቸውና ከቁርጥራጭ ብረቱ ላይ ጣላቸው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። ከጎን ሻይ የምትሸጠው ሰብሌ ብርጭቆዎቿ ሲንቀጠቀጡ "ኧረ በስመ አብ!" ብላ ጮኸች። ወንዴ አጠፋው፤ ከዚያ ለመስማት ብቻ እንደገና አስነሣው። ብቻውን እየሳቀ እንደነበር ያወቀው ሰብሌ ስትጠቁመው ነው።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊሞክረው እስከ አደባባዩ ነድቶ ተመለሰ። ሲመለስ የፊቱ ጎማ እየከበደ መጣ፤ ማንም ፍሬን ሳይነካው ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር አለ። ወርዶ የፊቱ የፍሬን ዲስክ ላይ ምራቁን ጣል አደረገበት። ምራቁ ጭሽ ብሎ ተነነ። ወዲያው ገባው። ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጠው ዕቃ ውስጡ ዝጓል፤ አንዴ ከጨበጠ መልቀቅ እምቢ ይላል። ሲቀዘቅዝ እንደ ደህና ፍሬን ይሠራል፤ ሲሞቅ ግን ሳይነኩት ጎማውን ጨምድዶ ያስቀራል። ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ የውስጡን የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒውን፣ ለውጦ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጎሚኒውም ከመሳቢያው ውስጥ አለ። "ነገ በጧት" አለና እጁን ታጠበ።

በማግስቱ መፍቻውን ገና ሲያነሣ እናቱ ከጋራዡ ደጃፍ ቆመዋል።

እግራቸው ያችን ደጃፍ አሥራ አንድ ዓመት ረግጦ አያውቅም። ወንዴ የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው። ያልቆሸሸ ሣጥን ፈልጎ፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ፣ ካርቶን አነጠፈበት። እጁን በሳሙናና በአሸዋ እስኪቀላ ፈተገ። ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሁለት ደንበኞቹ ለክብራቸው ብድግ አሉ።

"እማ፣ ግቢ እንጂ! ምነው፣ ብትልኪብኝ እኔ እመጣ አልነበር?"

"ለሞተሩ ነው የመጣሁ" አሉ እናቱ፤ ሣጥኑን አላዩትም። "ጠበል ይዤለት።" በነጠላቸው ሥር የውሃ ጠርሙስ ይዘዋል። ምሥጋናው ነጭ ጫማውን ከዘይቱ እያሸሸ ከኋላቸው ገባ።

ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ መርጨት ጀመሩ። የሞተሩን አፍንጫ፣ መቀመጫውን፣ ሁለቱን ጎማዎች አዳረሱ። ቀጥለው ወደ ምሥጋናው ዞሩና፣ "አምላከ ነአኩቶ ለአብ ይጠብቅህ ልጄ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ መንገድህን ጨርቅ ያድርግልህ" እያሉ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ እጆቹን ረጩ። ለሁለቱ ደንበኞች ረጩ። ሰብሌ ጠጋ ብላ ለምና ለሷም፣ ለሻይ ማፍያዋም ደረሳት። ወንዴ ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ተራውን ይጠብቃል። ጠበሉ አልመጣም። ቀና ሲል እናቱ ጠርሙሱን ወደ መሬት ገልብጠው ያሳዩታል።

"አለቀ" አሉት።

ከደንበኞቹ አንዱ ሳቁን በሻዩ አፈነው።

"ምንም አይደል፣ እማ" አለ ወንዴ። "ጥሩ አደረግሽ። ሞተሩ ግን አንድ ነገር ቀርቶታልና፣ ዛሬን እኔ ጋ ቢውል—"

"ስንት ቀን ነው ይህን ልጅ የምታመላልሰው?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ነገ የነአኩቶ ለአብ ንግሥ ነው፤ ሰው ሁሉ በሚወጣበት ቀን እሱ በእግሩ ይሂድ ነው? ቀንተህበት ነው፤ አውቄብሃለሁ።"

"እማ፣ የፊቱ ፍሬን—"

"ተወኝ! ቀጥቃጭ እጁን ያስገባበት ዕቃ መቼ ይበረክትና! ዓይንህንም አንሣለት።"

ልብ በሉ፤ ይህን ያሉት ለጎረቤት አይደለም፣ ለጠላት አይደለም፤ አምጠው ለወለዱት ልጅ ነው። ዓይንህን አንሣለት ማለት ቡዳ ነህ ማለት ነው። ሰብሌ የያዘችውን ብርጭቆ ማስቀመጫ አጣችለት። ደንበኞቹ አሁን አልሳቁም፤ ግን ለወንዴ ሳቃቸው ይሻለው ነበር። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡበትን መንገድ ያዙ።

ምሥጋናው አፈር ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ተዋት፣ አያ። እማን ታውቃት የለ? አርጅታለች።" ወደ ሞተሩ ዞረና፣ "እንግዲህ ልውሰደው? ንግሡ ነገ ነው" አለ። ኮርቻው ላይ ወጥቶ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ለቀቅ አደረገው። "ፍሬኑስ?"

መፍቻው በወንዴ እጅ ነው። የጎሚኒው መሳቢያ ከክርኑ ሥር ነው። ዲስኩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ አድሮ ንጹሕ ሆኖ ያበራል።

"ይይዛል" አለ።

የኛ ቋንቋ አንዳንዴ ክፉ ነው። ፍሬን ሲያዙት ከያዘ፣ ይይዛል ይባላል፤ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል። ሳያዙት ቢይዝም ያው ይይዛል ነው የሚባለው። ወንዴ ሐሰት አልተናገረም፤ በቤተ ክርስቲያን በር ቢያስምሉት ይምል ነበር። ምሥጋናው "እሰይ፣ የኔ ወንድም!" ብሎ ጉንጩን ሳመው፤ አንበጣውን አስነሥቶም ከተማውን እያንቀጠቀጠ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ ወንዴ ግን ወደ አፋፉ አልተመለከተም።

ለራሱ የነገረው እንዲህ ነው። ነገ ምሥጋናው በልዩ ልብስ አጊጦ፣ ነጭ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲያበዛ ይሞቃል፤ ጎማው ይጨመደዳል፤ ሞተሩ ይቆማል። በዚያ ሁሉ የንግሥ ሕዝብ ፊት አንበጣውን ሽቅብ እየገፋ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ጫማው አፈር ለብሶ ጋራዡ ይመጣል። "አያ፣ ድረስልኝ" ይላል። እናቱም ሞተር የሚያቆመው የማን እጅ እንደሆነ፣ የሚያስነሣው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚህ ያለፈ አላሰብኩም ይላል ወንዴ እስከ ዛሬ። አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ቁልቁለት ሥር ተለቅሞ የመጣ ሞተር ሲጠግን፣ ከአንዳንዱ ላይ ደም ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። አላሰብኩም የሚለው ማሰብ አልፈለግሁም ለማለት ነው። ማታውን እንደ ወትሮው ውዳሴ ማርያሙን ደገመ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።

በንግሡ ቀን ከተማው በጧት ነጭ ለብሶ ወደ ነአኩቶ ለአብ ይወርድ ጀመር። ወንዴ ጋራዡን ከፍቶ፣ ሥራ ሳይኖረው ተቀመጠ። ጆሮው መንገድ ላይ ነው። ረፋዱ ላይ የተቆረጠው ማርሚታ ከላይ ሰፈር ሲያጓራ ሰማ፤ ድምፁ አደባባዩን ዞሮ ወደ አየር ማረፊያው መንገድ ወረደ። ወንዴ ፈገግ አለ። ሞተሩን እየገፋ የሚመለሰውን ሰው ለማየት ሣጥኑን ወደ በሩ አስጠጋው።

ሰብሌ በዓል ነው ብላ ዘግይታ መጣች፤ እየሳቀች ነው። "ኧረ ያንተ ወንድም ጉደኛ ነው! እናትህን አንበጣው ላይ አፈናጦ ወሰዳቸው እኮ!"

"ማንን?"

"እማማን ነዋ! ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው። 'የልጄን ሞተር ሰው ይይልኝ' እያሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው!"

ወንዴ ሲነሣ ሣጥኑ ተገለበጠ። ስልኩን አወጣ፤ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። እንደገና ደወለ። በዚያ የማርሚታ ጩኸት ውስጥ ስልክ ማን ይሰማል? ድምፁን ከፍ አድርጎ የቆረጠው ራሱ ነው። ጥግ የቆመ የደንበኛ ሞተር ነበር፤ የፊት መብራት የሌለው፤ ያንን አስነሥቶ ወጣ።

መንገዱ በንግሥ ሕዝብ ሞልቷል። ጡሩምባ እየነፋ፣ ሴቶቹን እያስደነገጠ፣ ካህናቱን እያስረገመ ወረደ። በሚወርድበት ሁሉ አፉ "ቀስ ብሎ ይንዳ፤ አምላኬ፣ ቀስ ብሎ ይንዳ" ይላል። የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አለፈ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ሲያልፍ ሸተተው። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ነው፤ ከሺህ ሽታ ይለየዋል። በዚያ መንገድ ላይ ከዚያ ሁሉ ሰው ሽታው ምን እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል።

አንበጣው አፍንጫው ተሰብሮ በጎኑ ተኝቷል፤ የፊት ጎማው ተጨምድዶ ቀጥ ብሏል። ምሥጋናው መንገዱ ዳር ተንበርክኳል፤ የሁለት እጁ መዳፍ ተገሽልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። እናቱ ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ላይ በጀርባቸው ተጥለዋል። ፊታቸው አንዲት ጭረት የለበትም፤ እግሮቻቸው ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል አለቦታቸው ታጥፈዋል። አይጮኹም። ያ ነው ሰዉን ያስፈራው።

"አያ! ሳልነካው ያዘ!" ምሥጋናው ወንድሙን ሲያይ ተንሰቀሰቀ። "በማርያም ይዤሃለሁ፣ ሳልነካው ነው የያዘው!"

አንድ ጥላ የያዙ አረጋዊ ቄስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ፍሬን መያዙማ ምን ክፋት አለው ልጄ? ሰው የሚጨርሰው የማይዘው ነው እንጂ።"

ወንዴ ወደ እናቱ መሄድ አቃተው። እግሩ ወደ ሞተሩ ወሰደው። ጎንበስ ብሎ ዲስኩን በጣቶቹ ያዘው፤ ቆዳው ሲቃጠል ሰማ፤ ከሚገባው በላይ አቆየው። ከኋላው የእናቱ ድምፅ መጣ።

"ወንድምአገኝ ነው?"

ሙሉ ስሙን ከአፋቸው ከሰማ ስንት ዘመኑ ነው! ዘሎ ሄዶ ተንበረከከ። "አቤት፣ እማ። እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ።"

"ወንድምህን አንሣው" አሉት። "ፀሐይ ላይ ነው።"

ደሴ ድረስ ተወስደው ተመለሱ። ወገባቸው ተሰብሯል፤ ከዚያ በታች ያለው አካል ከእንግዲህ አይታዘዝም ተባለ። ወጌሻ መጣ፣ አሸ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከተማው ጥፋቱን ለምሥጋናው ሰጠ፤ አሮጊት በስፖርት ሞተር የሚጭን ልጅ ይህን አገኘ ተባለ። ምሥጋናው አለቀሰ፣ ከሳ፣ ከእናቱ አጠገብ መቀመጥ አልሆንለት አለ። ማታ ማታ ብቅ ይልና ከበሩ ላይ ቆሞ እንባው ሲመጣ ይወጣል። አንበጣው ጋራዡ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ።

እናቱን ያስታመመው ወንዴ ነው። ጧት አዝሎ ወደ ፀሐይ ያወጣቸዋል፣ ገላቸውን ያጥባል፣ የተኙበትን ይለውጣል። ጥፍሩን እስከ ሥጋው ቆረጠ፤ የእጁ ቆዳ በበረኪና ተላጠ። ሲያጎርሳቸው ይጎርሳሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጎርሳሉ። እንዲህ ወር አለፈ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ ካበላቸው በኋላ፣ የጎረሱበትን ሳህን እንደያዘ መደቡ ሥር ተቀመጠ። "እማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።"

ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሡም።

"ፍሬኑ ሲሞቅ እንደሚጨመድድ አውቅ ነበር። ከመውሰዱ ከአንድ ቀን በፊት አይቼዋለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ዕቃውም ነበረኝ። ያን ቀን ስለተናገርሽኝ ተናድጄ ተውኩት። ሲጠይቀኝ ይይዛል አልኩት። አንቺ ትወጪበታለሽ ብዬ አላሰብኩም፤ እሱን ላዋርደው ነበር።"

እናቱ አንገታቸውን አዙረው አዩት። እንዲህ ረጅም አይተውት አያውቁም። ወንዴ እርግማኑን ጠበቀ፤ እርግማንም ቢሆን እናት ለልጇ የምትሰጠው ነው፤ ለሌላ ሰው ያልተሰጠ፣ ለሱ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ አቀረበ።

"ምሥጋናው ያውቃል?" አሉ።

"አያውቅም።"

"እንዳያውቅ።"

ወንዴ የሰማውን ማመን አቃተው። ደረቱ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት የታሰረ ነገር ተፈታ። ገመናዬን ሸሸገችልኝ፤ ልጇ ነኝ አለ በልቡ። እንባው መጣ። የእናቱን እጅ ይዞ ሊስም ጎንበስ አለ።

"ሆደ ባሻ ነው" ቀጠሉ እናቱ፤ እጃቸውን ሳብ አደረጉ። "ወንድሜ ጨከነብኝ ብሎ ካሰበ እንቅልፍም አይወስደው። አሁንም ከስቷል፤ አላየኸውም? አንገቱ ቀጥኗል።"

"እኔስ፣ እማ?"

"አንተ ምን?"

"ለኔ የምትይኝ የለም? እርገሚኝ እንጂ።"

አሰቡ። እውነት ለማሰብ የሞከሩ ይመስላሉ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ የሚሉት ግን አላገኙም።

"ሞተሩን ሥራለት" አሉ መጨረሻ ላይ። "ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ እየተመላለሰ ደከመ።"

ከደጅ የአጥሩ በር ሲንቋረር ተሰማ። የእናቱ ፊት በአንድ ጊዜ በራ።

"እሱ ነው፤ ዛሬ በጊዜ መጣ። ቶሎ በል፣ ወደ በሩ አዙረኝ፤ ሲገባ ልየው።"

ወንዴ ሳህኑን አስቀመጠ። አንድ እጁን ከትከሻቸው፣ አንዱን ከማይሰማው ወገባቸው ሥር አስገባ። እንዳያማቸው ቀስ ብሎ አነሣቸውና ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ራሱ አዞረ።